ምሽት ላይ የሚቆራረጥ የእናት ፊት

በሐይቅና በአምባሰል መንደሮች ከቤተሰቡ አንድ ሰው ዓረብ አገር ያልሄደበት ቤት ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ጂዳ፣ ሪያድ፣ ቤይሩት፣ ዱባይ የሚሉት ስሞች ከደሴና ከኮምቦልቻ እኩል በየቡናው ላይ ይነሳሉ። የሚሄደው በአብዛኛው ወጣት ነው፤ ከወጣቶቹም ብዙዎቹ እናቶች ናቸው። ልጆቹ የሚቀሩት ደግሞ እኛው ዘንድ ነው። ጡረታ ወጥተን እናርፋለን ያልን አያቶችና አክስቶች እንደገና ጡጦ አጥበናል፣ እንደገና የቤት ሥራ ፈትሸናል። በእንዲህ ያለ ቤት ኢንተርኔት ምን እንደሆነ ለማስረዳት ረጅም ሐተታ አያስፈልግም። ልጅ እናቱን የሚያይበት መስኮት ነው።

ስለ ቤት ኢንተርኔት ፍጥነት ለመጻፍ የተነሳሁት ለዚህ ነው። እኛ ትልልቆቹ ነገሩን የወጣቶች ጨዋታ፣ የኳስና የፊልም ጉዳይ አድርገን ስለምናየው ሲዘገይ ዝም እንላለን። ስንከፍል እንጂ ስንጠይቅ አንታይም። ግን መስኮቱ ሲጨልም መጀመሪያ የሚጎዱት እኛ የምናሳድጋቸው ልጆች ናቸው።

እኔ ዘንድ የሚያድገው የእህቴ የልጅ ልጅ 8 ዓመቱ ነው። እናቱ ጂዳ ሰው ቤት ትሠራለች። ጥላው ስትሄድ ገና 3 ዓመቱ ነበር፤ ስለዚህ እናቱን የሚያውቃት ከእቅፏ ይልቅ ከስልክ ነው። እሷም ብትሆን ቀን ቀን ጊዜ የላትም። አሠሪዎቿ እራት በልተው፣ ዕቃ ታጥቦ፣ ወጥ ቤቱ ተወልውሎ ወደ ክፍሏ የምትገባው ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ነው። የጂዳና የእኛ ሰዓት አንድ ስለሆነ እኛም ያን ጊዜ ቤት ነን። ይህ ጥሩ ይመስላል። ችግሩ ግን ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ስልክ ያለው ሁሉ ስልኩን ይዞ መቀመጡ ነው።

ፊቷ ብቅ ይላል፤ ወዲያው ደርቆ ይቀራል። አፏ ተከፍቶ ይቆማል፣ ድምፁ ከኋላ ይመጣል። አንድ ቀን ልጁ ከክፍሉ 2ኛ መውጣቱን ሊነግራት ተዘጋጅቶ፣ ካርዱን በእጁ ይዞ ተቀመጠ። «ሁለተኛ ወጣሁ» አላት። «ምን አልክ?» አለችው። ደገመላት። «አልሰማህም የኔ ጌታ፣ ምን?» አለችው። በሦስተኛው ስልኩን ወደ እኔ ገፋና «እቴቴ፣ አንቺ ንገሪያት» ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲያ የጥሪው ሰዓት ሲደርስ እንቅልፌ መጣ ማለት ጀመረ። በእናቶችና ሕፃናት ክፍል ብዙ ዓመት ስለሠራሁ ይህ ምልክት አስደነገጠኝ። ልጅ ተናግሮ መልስ ሲያገኝ ነው ንግግሩ የሚቀጥለው። መልስ ደጋግሞ ያጣ ልጅ አይጨቃጨቅም፤ ዝም ይላል። ዝምታውን ደግሞ እኛ ጨዋነት እንለዋለን።

ታማሚ ሲመጣ ከመፍረዳችን በፊት ሙቀቱን እንለካለን። እኔም እንደዚያው አደረግሁ። ጎረቤታችን ያለ አስተማሪ ስልኬ ላይ የፍጥነት መለኪያ ጫነልኝና ለ15 ቀን፣ በቀን 3 ጊዜ፣ እንደ ታማሚ ካርድ በደብተር መዘገብኩ። የገዛሁት ፓኬጅ «እስከ 10 ሜጋ ቢት በሰከንድ» የሚል ነው። ንጋት 12 ሰዓት ላይ 8 እና 9 ይደርሳል። ቀን 7 ሰዓት ላይ ወደ 4 ይወርዳል። ማታ 3 ሰዓት ላይ 1 ሞልቶ የተገኘበት ቀን ጥቂት ነው። ከእኛ ወደ እነሱ የሚላከው፣ ማለትም የልጁን ፊትና ድምፅ የሚወስደው፣ ከዚያም ያነሰ ነው። ትኩሳቱ ቀን ወርዶ ማታ የሚነሳ በሽታ ብዙ አይቻለሁ፤ ይህም እንደዚያው ነው።

እዚህ ላይ ለእኩዮቼ አንድ ነገር ላስረዳ። ሜጋ ቢትና ሜጋ ባይት አንድ አይደሉም። ነርስ ሚሊግራምና ሚሊሊትርን ካምታታች ሰው ትገድላለች፤ እዚህ ሰው ባይሞትም ገንዘብ ይባክናል። የኢንተርኔት ፍጥነት የሚሸጠው በቢት ነው፤ ስልካችን ላይ የምናየው የቪዲዮና የፎቶ መጠን ግን በባይት ነው። 8 ቢት 1 ባይት ይሆናል። ስለዚህ 10 ሜጋ ቢት የተባለው ፍጥነት በሰከንድ የሚያወርደው 1.25 ሜጋ ባይት ብቻ ነው። 50 ሜጋ ባይት የሆነ የሠርግ ቪዲዮ በሙሉ ፍጥነቱ ቢሄድ በ40 ሰከንድ ይገባል። ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ሜጋ ቢት ሲወርድ ግን ያው ቪዲዮ ከ13 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። «እስከ» የምትለዋም ቃል ትንሽ ብትመስልም ሥራዋ ብዙ ነው። ከዚህ በላይ አይሄድም ማለት ናት እንጂ ከዚህ በታች አይወርድም ማለት አይደለችም።

ለምን ማታ ይወርዳል? ነገሩን የሰፈር ቦኖ ውሃ አድርጋችሁ አስቡት። ቧንቧው አንድ ነው። ንጋት ላይ አንዲት ሴት እንስራዋን ይዛ ብትመጣ ወዲያው ይሞላላታል። ማታ 40 ሰው ተሰልፎ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲከፍት ግን ለእያንዳንዱ ጠብታ ይደርሰዋል። ቤታችን ያለው ሲም ካርድ የሚገባበት ሣጥን ከታወር ጋር በአየር ነው የሚገናኘው፤ ታወሩን ደግሞ ከሰፈሩ ስልኮች ሁሉ ጋር ይጋራል። በዚህ ላይ ተራራው አለ። የታወር ሞገድ በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ከጋራ ጀርባ ያለ ቤት ጥላ ውስጥ ይወድቃል፤ አምባሰል ደግሞ አገሩ ሁሉ ጋራና ገደል ነው። መብራት ሲጠፋም የታወሩ ባትሪ እስኪችል ነው። በመዳብ ሽቦ የሚገባው የድሮው የቤት መስመር በበኩሉ ከስልክ ማዕከሉ በራቀ ቁጥር ይደክማል። ፋይበር የሚባለው፣ በብርሃን የሚሠራው እንደ ፀጉር የቀጠነ የመስታወት ክር፣ እንዲህ ያለ የርቀት ድካም አያሸንፈውም፤ ነገር ግን ቆፍሮ እስከ ቤት ማድረስ ወጪ ይጠይቃል። አገራችን የራሷ የባሕር በር ስለሌላትም ወደ ዓለም የሚወጣው መስመር በጎረቤት አገሮች፣ በተለይ በጅቡቲ በኩል ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ከሐይቅ ጂዳ የሚደረግ ጥሪ ብዙ በሮችን ያንኳኳል።

የመዘገብኩትን ደብተር ይዤ አገልግሎቱን ወደሸጠልኝ ድርጅት ሄድኩ። የየትኛው መሆኑን እዚህ መናገር አያስፈልግም፤ መልሱ የትም አንድ ነውና። «ሲስተር፣ ሲስተም ነው፤ ትንሽ ይታገሱ» አለኝ ወጣቱ በትሕትና። ሌላ ቀን ሣጥኑን አጥፍቼ እንዳበራው መከረኝ። ይህ ምክር ሣጥኑ ሲታመም ይሠራል። ቀን እየሠራ ማታ ብቻ ለሚደክም ግን ለሁሉም ሕመም ፓናዶል እንደ ማደል ነው። ደብተሩን አልተመለከተውም። ቅሬታዬን የሚመዘግብበት ቅጽም አላወጣም።

ጎረቤቴ ይህን ሰምታ «አብሽሩ ሲስተር፣ የሌላውን ይሞክሩ» አለችኝ። የሌላውን ሲም ገዛሁ። ግቢው አጥር ጥግ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ሲቆሙ ትንሽ ይይዛል። ቤት ውስጥ ሲገቡ ይጠፋል። ልጁን ማታ በብርድ አጥር ጥግ አቁሜ ከእናቱ ጋር አላነጋግረውም። ስለዚህ አገሪቱ ሁለት ድርጅት ቢኖራትም የእኔ ቤት ያለው አንድ ነው። አማራጭ የሚቆጠረው በአዲስ አበባ ቢሮዎች ቁጥር ሳይሆን በእያንዳንዱ ሰው ሳሎን በሚሠራው ቁጥር ነው።

ወደ ኋላ ሄዶ ማየቱ ይጠቅማል። ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ የመጀመሪያው ረጅም መስመር ሐረርን ከአዲስ አበባ ያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር ነበር። ከዚያ ጀምሮ ስሙ ሲለዋወጥ ቢኖርም ባለቤቱ መንግሥት፣ ሻጩም አንድ ብቻ ሆኖ ቆየ። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ሲጀመርም እንዲሁ። በ2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ተቋቋመ። በነሐሴ 2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1148 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቁሞ ለሌሎች ድርጅቶች በር ከፈተ። በግንቦት 2013 ሳፋሪኮም ያለበት ስብስብ በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ አገኘ፤ በነሐሴ 2014 ድሬዳዋ ላይ የሙከራ አገልግሎት ጀመረ፤ መስከረም 26 ቀን 2015 ደግሞ በይፋ ሥራውን አበሰረ። እንግዲህ አያቶቻችን፣ አባቶቻችንና እኛ ዕድሜያችንን ሙሉ አንድ ሻጭ ብቻ ስናውቅ ኖረናል። አለመጠየቅ የለመድነው በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ፉክክር ምን እንደሚያደርግ ለማየት አንድ ነገር ብቻ ላንሳ። በግንቦት 2010 መንግሥት ቴሌኮሙን በከፊል ወደ ግል እንደሚያዞር አስታወቀ። ሌላ ተፎካካሪ ገና አገር ውስጥ ሳይገባ፣ በነሐሴ 2010፣ ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔትን ዋጋ 43 በመቶ፣ የመስመር ብሮድባንድን ደግሞ 54 በመቶ ቀነሰ። የቅናሹ ምክንያት ይህ ብቻ ነው ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን ገበያ ላይ ሁለተኛ ሽንኩርት ነጋዴ ሊመጣ ነው ሲባል የመጀመሪያዋ ሚዛኗን ስታስተካክል ያላየ የለም።

የእኛ አገር ሰው ይህን ነገር ከማንም በላይ ሊረዳው ይገባል። የውጫሌ ውል የተፈረመው እዚሁ አምባሰል፣ ይስማ ንጉሥ ላይ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። ጠቡ የመጣው በ17ኛው አንቀጽ ነበር። አንቀጹ ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ስለምትገናኝበት መንገድ ይናገራል። አማርኛው በጣልያን በኩል መገናኘት ይቻላል ሲል፣ የጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። በመቻልና በመገደድ መካከል ያለው ልዩነት እስከ ዓድዋ አደረሰ። የእኔን የዋይፋይ ሣጥን ከዓድዋ ጋር ማወዳደሬ አይደለም። ግን ቁም ነገሩ ይመሳሰላል። ከዓለም ጋር የሚያገናኝህን ሰው መርጠኸው ከሆነ ደንበኛ ነህ፤ ሌላ መንገድ ስለሌለህ ከሆነ ግን የሰጡህን ተቀባይ ነህ።

ሆኖም ፉክክር ብቻውን መድኃኒት ነው ብዬ አልሸነግላችሁም። ነጋዴ የሚሄደው ሰው ወደበዛበትና ገንዘብ ወዳለበት ነው። ናይሮቢ ውስጥ ፋይበር ይዘው የቤት ደንበኛ የሚሻሙ በርካታ ድርጅቶች አሉ፤ ከዋና ከተማው ራቅ ሲሉ ግን ምርጫው እየጠበበ ይሄዳል። አሜሪካም ቢሆን በገጠሩ አንድ አቅራቢ ብቻ ያላቸው ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ለዚህም ነው የአገሪቱ መንግሥት በ2014 ዓ.ም. ኢንተርኔት ላልደረሰባቸው አካባቢዎች ከ42 ቢሊዮን ዶላር በላይ የመደበው። ስለዚህ ለአምባሰል ጋራዎች ሁለት ነገር አብሮ ያስፈልጋል፤ ፉክክርም፣ ገበያው የማይደርስበትን የሚደርስ የመንግሥት እጅም። ታወርና ፋይበርን በተመጣጣኝ ኪራይ መጋራትም ይረዳል። በአንድ ጋራ ላይ ሁለት ታወር ጎን ለጎን ከማቆም፣ አንዱን በጋራ ተጠቅሞ ሌላውን እስካሁን ምንም በሌለበት ጋራ ላይ መትከል ይሻላል።

ፉክክር የማይፈታው ሌላም ነገር አለ። በጥቅምትና በኅዳር 2014 በጦርነቱ ምክንያት ስልክ ሲቋረጥ ማን እንዳለ፣ ማን እንደሌለ ሳናውቅ ነው የሰነበትነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮም በክልላችን የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ድርጅቱ አንድም ሆነ ሁለት ለእናትና ለልጅ ለውጥ የለውም። ይህ የሰላም ጉዳይ ነው። እሱን ለፈጣሪም ለሰዎችም እናሳስባለን።

እስከዚያው በቤታችን ያደረግነውን ልንገራችሁ። ደብተሩ ንጋት ላይ መስመሩ ጤነኛ መሆኑን ስላሳየኝ፣ ከልጁ እናት ጋር ተመካክረን የጥሪውን ሰዓት ለወጥን። እሷ ለሱብሒ ሶላት ስለምትነሳ ከዚያ በኋላ፣ አሠሪዎቿ ሳይነቁ፣ 15 ደቂቃ ታገኛለች። በሳምንት 3 ቀን ልጁ ከትምህርት ቤት በፊት ተነስቶ ያናግራታል። ማታ ማታ ምስሉን ትተን በድምፅ ብቻ እንገናኛለን፤ የድምፅ ጥሪ የሚፈልገው ፍጥነት ከምስሉ በብዙ እጥፍ ያነሰ ስለሆነ ብዙ ጊዜ አይቆራረጥም። በተረፈ ልጁ የሚናገረውን በድምፅ መልእክት ቀድቶ ይልክላታል። የዱሮ ሰዎች ታስታውሳላችሁ፤ ዓረብ አገር የሄደ ዘመድ ካሴት ቀድቶ በሰው ይልክ ነበር፣ እኛም በቴፑ ዙሪያ ተሰብስበን እያለቀስን እንሰማ ነበር። አሁንም ያው ነው፤ የካሴቱ መንገድ ብቻ አጥሯል። ልጁ ተረት ይነግራታል፣ ስለ ሐይቁ ዓሣ ይነግራታል። እሷ መልሱን ሥራ ላይ ሆና፣ ዕቃ እያጠበች ትቀዳለታለች። «ምን አልክ?» የሚል ጥያቄ የለም፤ ያልተሰማው ደግሞ ይሰማል። የጥሪው ሰዓት ሲደርስ እንቅልፌ መጣ ማለቱን ትቷል።

ሣጥኑንም ከብረት ቁምሳጥኑ አጠገብ አንስቼ ታወሩ ወዳለበት አቅጣጫ ወደሚከፈተው መስኮት አጠጋሁት፤ ብረትና ወፍራም ግድግዳ ሞገድ ያዳክማሉ። እናቱ ስትደውል ሌሎች ስልኮች ከዋይፋዩ እንዲወጡ የቤቱ ሕግ ሆኗል። እነዚህ ሁሉ ግን ማስታገሻ ናቸው። ማስታገሻ ሕመሙን ያስችላል እንጂ አያድንም።

ለማዳን እኛ ወላጆችና አያቶች ማድረግ የምንችለው አለ። ፓኬጅ ከመግዛታችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ «እስከ» ሳይሆን በምሽት ሰዓት ምን ያህል ይደርሳል? የተፈቀደልኝ መጠን ካለቀ በኋላ ፍጥነቱ ወደ ስንት ይወርዳል? ቤቴ ውስጥ ባይሠራ ዕቃውን መልሳችሁ ገንዘቤን ትሰጡኛላችሁ? ሁለተኛ፣ እንለካ፣ እንመዝግብ። በአፍ የተነገረ ቅሬታ ነፋስ ነው፤ ቀንና ሰዓት ያለው ደብተር ግን ማስረጃ ነው። ሦስተኛ፣ ብቻችንን አንሂድ። ዕድራችን ቀብር ብቻ አያውቅም፤ ለውሃም ለመንገድም ፈርመን ሰብስበን ሄደናል። የ20 ቤት ደብተር ይዞ የሚሄድ ዕድር «ሲስተም ነው» ተብሎ በቀላሉ አይመለስም። ድርጅቱ መልስ ካልሰጠ ጉዳዩን ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማቅረብ ይቻላል፤ ባለሥልጣኑ ከተቋቋመባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

ልጆቹ የሚጠብቃቸው ዓለም እየተለወጠ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል፤ የጤና ጣቢያ ሪፖርትም፣ የባንክ ሥራም፣ የመንግሥት ክፍያም ወደዚያው እየሄደ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ በፋይበር፣ የአምባሰል ልጅ በአጥር ጥግ የሚወዳደሩበት ፈተና እኩል ፈተና አይደለም። ልጆቹ ይህን ለመጠየቅ ገና ትንሽ ናቸው፤ እናቶቻቸው ደግሞ ሩቅ ናቸው። የቀረነው እኛ ነን። ጡረታ የወጣነው ከመሥሪያ ቤት እንጂ ከመጠየቅ አይደለምና እንጠይቅላቸው።